አጥሩ ሥር ያለው ባዶ መሬት

ኦክላንድ ውስጥ ከምንኖርበት አፓርትመንት ጀርባ አገልግሎት ያቆመ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን አለ። ግቢው ውስጥ ጽሑፋቸው የጠፋ የድሮ መቃብሮች ነበሩ፤ ሣሩን እንኳ የሚያጭድ አልነበረም። የሦስት ወር ጽንሴ ቤት ውስጥ የወረደ ዕለት ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ጠቀለልኩትና፣ በማለዳ ሰው ሳይበዛ፣ በወጥ ጭልፋ ቆፍሬ እዚያ ቀበርኩት። ክርስትና ያልተነሳ ከተጠመቁት ጋር አይቀበርም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ከመቃብሮቹ አራቅሁት፤ አጥሩ ሥር፣ ባዶው መሬት ላይ። ምልክት ድንጋይ እንኳ አላኖርኩም። ባለቤቴ የት እንዳደረግሁት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

በዓመቱ ግቢው ፓርክ ሊሆን ነው ተባለና የሰፈሩ ሰው ለሚቲንግ ተጠራ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት፣ ሆቴል አብረውኝ የሚያጸዱት እትዬ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። አንዲት ሴት ካርታ ሰቅላ ስታስረዳ እትዬ በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል።

«መቃብሮቹን አንነካም ነው የምትለው። ዙሪያቸውን አበባ ይተክሉበታል። የልጆች መጫወቻው ባዶው ላይ ነው፣ እዚያ አጥሩ ጋ።»

«ይቆፈራል እንዴ?»

«ሳይቆፈር ዥዋዥዌው በምን ይቆማል? ተነሽና ራስሽ ጠይቂያት። ምላስሽን አገር ቤት ትተሽው ነው የመጣሽው?»

እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አራተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት አቁመውኝ እንደጠፋብኝ ሁሉ ቃሉ ጠፋብኝ።

«ሽንት ቤት ይኖረዋል?» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ሴትየዋ አመስግና ጻፈችው። እትዬ መንገዱን ሙሉ ሳቁብኝ። «እኔ ደግሞ ፊትሽን አይቼ፣ ትልቅ ነገር ልትናገሪ ነው ብዬ።»

ወግ ባልጠብቅ ኖሮ፣ ከመቃብሮቹ መሃል ሸሽጌው ቢሆን፣ ዛሬ ማንም አይነካውም ነበር።

ቁፋሮው ሲጀመር ከሥራ ቀረሁ። አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ማሽኑ አፈሩን እየዛቀ መኪናው ላይ ይጭናል፤ ነጠላ የሚመስል ነገር ሲወጣ አላየሁም። መኪናው ሲሞላ ሾፌሩን ወዴት እንደሚወስደው ጠየቅሁት።

«ኮንኮርድ ከተማ ወዳለው አፈር መድፊያ፣ ካልተቀበሉንም ሌላ ቦታ» አለኝ። ትንሽ አየኝና፣ «ለአትክልት ፈልገሽ ነው? ባልዲ ካለሽ ልሙላልሽ» አለ።

ባልዲ ቤት ነበረኝ። ሰውየው እየጠበቀኝ ነው። ሁለት ሠራተኞችም ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል።

«አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩት።

የመኪናውን በር ዘጋና ሄደ።