አማት ፊት የማይወጣ አክታ

እኔ አፌ ፈጣን ነው፤ ዲላ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ስሠራ የታከመ ሁሉ ያውቀኛል። ምራቅ ይዞ ለመጣ በሽተኛ ዕቃውን መልሼ፣ "ይሄን ምን ላድርገው? ከደረት የሚወጣውን አክታ ነው የምፈልገው" ማለት ልማዴ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ምራቅ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝማ።

አንዲት ከቡሌ የመጣች ልጅ እግር ሴት ግን ትዕግሥቴን አስጨረሰችኝ። ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላለች፤ ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ሳሏን በነጠላዋ ታፍነዋለች። ባሏ ሬኮ በሚባል ቦታ ቡና ማጠቢያ ሥራ ላይ ስለሆነ ያመጧት አባቱ ናቸው። የምትሰጠን ሁሉ እንደ ውኃ የጠራ ምራቅ ነው። እኔ በሌለሁበት ቀን ባልደረባዬ ያንኑ መርምሮ "ነጌቲቭ" ብሎ ላከ፤ ሐኪሙም የሳንባ ምች መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት። ብሶባት ተመለሰች።

"የለባትም ካላችሁ ቤቷ ልውሰዳት፤ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል" አሉ ሽማግሌው።

ደሜ ፈላ። "እህቴ፣ ይሄን ልጅ ማን ሊያሳድግልሽ ነው?" አልኳት።

ዓይኗን ወደ ሽማግሌው ሰረቅ አድርጋ መሬት መሬት አየች። ያኔ ነገሩ ገባኝ። በቤታቸው ደንብ የልጅ ሚስት የባሏ አባት ፊት አፏን ከፍታ እህል እንኳ አትቀምስም። እሳቸው እያዩ አክታ ልትተፋ? ሞቷን ትመርጣለች። ደግሞም እየመረጠች ነበር።

"አባባ፣ እስኪ ሕፃኑን ይያዙልኝና በር ላይ ይጠብቁን" አልኳቸው። ግራ እንደተጋቡ ወጡ። ልጅቷን ከላቦራቶሪው ጀርባ አቮካዶው ሥር ወሰድኳትና ጀርባዬን ሰጠኋት። "ማንም የለም፤ በይ እንዳሻሽ" አልኳት። ሳሏ ግቢውን ሞላው። ወፍራም፣ ቢጫ፣ የደንቡን አክታ አመጣችልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ደስ የሚለው የላቦራቶሪ ሰው ብቻ ነው፤ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

አክታውን ስላይድ በምንለው መስታወት ላይ ቀብቼ አደረቅሁ፤ ቀይ ቀለም አፍስሼ በእሳት አሙቄ አጠብኩና፣ ሰማያዊ ደርቤ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባሁት። በሰማያዊው መሐል ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች ተዘርግተዋል፤ የነቀርሳው ባክቴሪያዎች ናቸው። "አገኘኋችሁ" አልኩ ጮክ ብዬ። ባልደረባዬ መጥቶ አየና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ለሽማግሌው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሕፃኑን እንደታቀፉ፣ "እኔን አፍራ ልትሞት ነበር?" አሉ። ከዚያ በኋላ የነቀርሳውን መድኃኒት ጀምራ ከቀጠሮዋ አንድ ቀን አልቀረችም፤ የሚያመጧት እሳቸው ነበሩ።

ከወራት በኋላ ለክትትል ምርመራ ስትመጣ ጉንጯ ሞልቷል። ዕቃውን ሳቀብላት ሽማግሌው ማንም ሳይጠይቃቸው ሕፃኑን ተቀብለዋት ተነሡ።

"አታፍኚው ልጄ፤ እኔ ውጪ ነኝ" ብለዋት ወጡ።

ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር አሰስኩት፤ ቀይ ነገር የለም። ደግሜ አሰስኩት፤ የለም። እየሮጥኩ ወጥቼ፣ "አባባ፣ ጠፍቷል! መድኃኒቱን ግን ትጨርስ" አልኳቸው። ሽማግሌው ሕፃኑን ሁለት እጃቸው እስኪዘረጋ ወደ ላይ አነሡት።

"እናትህ አለችልህ" አሉት።