ሰርካዲስ ያልወጣችበት ፎቶ

ጋሽ ይሄይስ እዚህ አማን ከተማ ውስጥ ከእኔ የጨርቅ ሱቅ ጎን ፎቶ ቤት ከከፈተ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ችክ ያለ ሰው ነው። የፊልም ካሜራው በራሱ ብርሃን እየለካ የሚያነሳበት አውቶማቲክ ነበረው፤ እሱ ግን አያምነውም። ትንሽ የብርሃን መለኪያ ይዞ ወደ ደንበኛው ይሄድና ጉንጩ አጠገብ ያስጠጋል፤ ቁጥሩን ያነባል፤ ተመልሶ ካሜራውን በእጁ ያስተካክላል። ከሸዋ ቤንች የሚመጡ ገበያተኞች ሐኪም እየመሰላቸው ትኩሳታቸው ስንት እንደሆነ ይጠይቁት ነበር። ነጭ ልብስ አውቶማቲኩን ያታልለዋል ይለኝ ነበር። ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ፊት ይጠቁራል።

ሚስቱ ሰርካዲስ ባለፈው ሰኔ ሞተች። ጉበቷን ነው አሉ። እህቷ በየነች ከጌጫ መጥታ፣ እንደ ወጉ እያዩ የሚያለቅሱበት ፎቶ እንዲያመጣ ጠየቀችው። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ይህ የለም፤ ቢሆንም እኔም ጠበቅኩ። የመታወቂያዋን ፎቶ ማኅተም በልቶታል። ስልክ ሲደቀንባት ደግሞ ነጠላዋን ወደ ፊቷ የምትስብ ሴት ነበረች። 'የእኔን ፊት ፎቶ አይወደውም' ስትል እስቅባት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ይሄይስ አንድ ፎቶ ይዞ ወጣ። በተጋቡ በዓመታቸው፣ ለመስቀል ጌጫ አባቷ ቤት ሄደው ሳሉ እሱ ራሱ ያነሳት ነው። የነጠላዋ ጥለት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ፊቷ ግን ጥቁር ነው፤ ዓይኗ የት እንዳለ አይለይም። በየነች አየችውና ለአልቃሹ ሳታሳይ ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ይሄይስ አላለቀሰም። አንድ ሰው ወንበር ሲሰጠው ተቀመጠ፤ ተነስ ሲሉት ተነሳ።

ከሠልስት በኋላ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ገባሁ። ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ያያል። ፊቷ ያለበት ቦታ ባዶ ስለሆነ ምንም ማውጣት እንደማይቻል ነገረኝ፤ የማያውቃትን ደንበኛ ጉዳይ የሚያስረዳ ነበር የሚመስለው። ተናደድኩበት። የገበያተኛውን ሁሉ ጉንጭ ስትለካ ኖረህ ለሚስትህ እንዴት ሰነፍክ አልኩት።

"አባቷ ቁጭ ብለው ያዩናል" አለ። "በእሳቸው ፊት እጄን ጉንጯ ላይ ማስጠጋት አፈርኩ። አውቶማቲክ ላይ አደረግኩት።"

ታዲያ ሌላ ቀን ለምን አላነሳሃትም ብዬ ጠየቅኩት።

"እምቢ አለችኝ። ፎቶው ታጥቦ ስታየው 'ጥፋቱ የፊቴ ነው' አለች።" ኔጋቲቩን ወረቀቱ ውስጥ መለሰው። "እኔም ዝም አልኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ፣ ከድጁ።"