ለስልክ የምትሸፈነው

እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ፣ በምንሠራበት ልብስ ስፌት ቤት፣ አንዲት ባልደረባችን መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። ሳሪዋ ላይ የወንድ ጃኬት ትደርባለች፤ በነጠላ ጫማዋ ወፍራም ካልሲ ታደርጋለች። አለቃው መጣ ሄደ አትሸፈንም። ምሳ ሰዓት ላይ የባሏ አባት ከህንድ፣ ከአገራችን ጉጃራት ሲደውሉላት ግን የሳሪዋን ጫፍ ከራሷ ላይ እስከ አገጯ ትጎትትና ነው ምስሉን የምትከፍተው። እኛ ዘንድ ምራት ለባሏ አባት ፊቷን አታሳይም።

«አዎ አባባ፣ በልቻለሁ። ልጅዎም ደህና ነው። ኧረ ምንም አልጎደለብኝም።»

ድምጿ ከፍም ዝቅም አይል።

አንድ ቀን ጓደኛችን ሃንሳ፣ «አንቺ፣ ሽማግሌው ከስልኩ ዘለው አይወጡ፤ ምን ያሸፋፍንሻል?» ብላ ቀለደችባት። ሁላችንም ሳቅን።

እሷ ክሯን በመርፌው እያሾለከች፣ «ተዪኝ እስቲ» አለች። «ፊቴን እያዩት ምንም አልጎደለብኝም ማለት አልችልም።»