የሰው ፋኖስ

ፋኖስ ሰብሳቢ መሆኔን ሰው ነው የነገረኝ እንጂ እኔ አላውቅም ነበር። የሶርን ፏፏቴ ሊያዩ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች መቱ ላይ ዝናብ ያዛቸውና የእኔ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። አንደኛው በተከፈተው በር ሳሎኔን ሲያይ ቆየና ሳይጠይቀኝ ዘው ብሎ ገባ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ፋኖስ ነዋ። ፋኖስ አታውቅም?»

ግድግዳዬ ሙሉ ፋኖስ ነው። በወጣትነቴ እንጀራዬ ፋኖስና የላምባ ምድጃ መጠገን ነበር። በኋላ ኤሌክትሪኩ በየቤቱ ገባ፣ ገጠሩም የፀሐይ መብራት ገዛ፣ ሰው ፋኖሱን እያወጣ ለቆራሌው መስጠት ጀመረ። ቆራሌው በጠዋት እየጮኸ ሲያልፍ እኔ ከኋላው እከተላለሁ። ስንቱን በእጄ ያዳንኩትን ዕቃ ለብረት ማቅለጫ ሲጭነው ማየት አልቻልኩም። እንዲህ እንዲህ እያለ ተጠራቀመ። በፓምፕ የሚነፋ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን የሚሰቀል የነሐስ አለ። የቡና መጋዘን ዘበኛ ይዞት ይዞር የነበረ አለ። ድሮ በባሮ ወንዝ ቡና ይጭን ከነበረ ጀልባ የወረደ፣ ቀይ መስታወት ያለውም አለ፤ ጎሬ አንድ ነጋዴ ቤት ጣሪያ ሥር ተጥሎ ነው ያገኘሁት።

ሰውየው አንድ በአንድ ዳሰሳቸውና «ይሄ እኮ ሙዚየም ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ለቀዩ ብቻ የጠራውን ዋጋ ስትሰማ ልጄ የያዘችው ሳህን ከእጇ ሊወድቅ ነበር። አልሸጥም አልኩ። ዝናቡ አባራና ሄዱ።

ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እናቷ ካረፈች በኋላ እኔንም ቤቱንም የምታስተዳድረው እሷ ናት።

«አባዬ፣ ወሬው ከተማውን ዞሯል። ሌባ ቢገባስ? እሳት ቢነሳስ? ኢንሹራንስ ይግባ።»

«ኢንሹራንስ ለመኪና ነው።»

«ለቤት ዕቃም አለ።»

«ቢቃጠል ፋኖሴን ይመልሱልኛል?»

«ዋጋውን ይሰጡሃል።»

«ዋጋውን ምን ላደርገው? ግድግዳ ላይ ልስቀለው?»

ግትርነት ከእኔ ነው የወረሰችው፤ አሸነፈችኝ። የኢንሹራንሱ ሠራተኛ መጣ። የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ ልብስ ሰፊ አባቱን አውቀው ነበር። «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ» ብሎ ጎንበስ አለ። በኦሮምኛ ጀምረን በአማርኛ ቀጠልን፣ መልሰን ወደ ኦሮምኛ፤ መቱ ወሬ እንዲህ ነው የሚወራው። ፎቶ እያነሳ ደረሰኝ እንዳለኝ ጠየቀ።

«ቆራሌው ደረሰኝ ይቆርጣል እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። «ግድ የለም። የእርስዎ ለመሆኑ እርስዎ ይፈርማሉ፣ ዋጋውን ገማች ያወጣል።»

ይሄ ደግ ነው። እያንዳንዱን ሲያሳየኝ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው እያልኩ ሄድኩ። መኝታ ቤቴ በር አጠገብ ያለችውን ትንሿን ግን አልፌያት ሄድኩ። ሆዷ ሰማያዊ ብርጭቆ ነው፣ መስታወቷ እንደ አንገት ረዘም ያለ ነው።

«ይቺስ?»

«ይቺ የሰው ናት።»

«የማን?»

«የመምህርቷ።»

ልጄ ግድግዳውን ተደግፋ «ጀመረው ደግሞ» አለች።

መምህርቷ የሸዋ ሰው ነበረች። ቀን ሕፃናቱን፣ ማታ ማታ ደግሞ እኛን ትላልቆቹን ፊደል ታስቆጥር ነበር። እኔ ጢም አውጥቼ ነው ሀሁ ያልኩት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይቺን ፋኖስ ከቤቷ ይዛ ትመጣለች። ክሯን የምከረክም፣ መስታወቷን የምወለውል እኔ ስለሆንኩ ከፊት ተቀመጥኩ። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የሚታየን እጇና ጠመኔው ብቻ ነው፣ ሌላው ጨለማ ነው። ፊደል ያወቅኩት እጇን ሳይ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

«አንተ፣ ዓይንህ ሰሌዳው ላይ ይሁን!» ትለኛለች።

«ሰሌዳው ላይ ነው፣ መምህርት።»

ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። በአፌ እርስዎ እላት ነበር። በልቤ ግን አንቺ ነበረች።

መንግሥት ተለወጠ፣ ትምህርቱ በኦሮምኛ ሆነ። ይሄ ለእኛ መልካም ነው። ልጄ በእናቷ ቋንቋ ተምራ ነው እዚህ የደረሰችው፣ ማንም ክፉ ነው ቢለኝ አልሰማውም። ግን መምህርቷ ኦሮምኛ አታውቅም፤ የምታስተምረው ክፍል አጣች፣ ዝውውር ጠየቀች። ለሁሉ የበጀ ነገር እኔን ጎዳኝ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ያኔ በበደሌ የሚወጣው መንገድ አጥንት ያላላ ነበር። ፋኖሷን በፎጣ ጠቅልላ አቅፋታለች። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ሲወረውር አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺ መንገድ ላይ ትሰበርብኛለች። አንተ ጋ ትቆይልኝ፣ ስመለስ እወስዳታለሁ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኳት። በእኛ አገር አደራ፣ በኦሮምኛውም ሀደራ፣ በእጅ ትቀበለዋለህ፣ በእጅ ትመልሰዋለህ። መሀል ላይ ያንተ የሚሆንበት ጊዜ የለም። ባለቤቱ ቢዘገይም፣ አንተ ብትሸብትም ያው ነው። ለኩሰህ አትጠቀምበትም።

ለባለቤቴ ገና ሳገባት ነግሬያታለሁ። ነፍሷን ይማርና ቀልደኛ ነበረች። አቧራዋን የምትጠርግላት እሷ ነበረች፤ «እስቲ ጣውንቴን ላጥባት» እያለች።

እንግዲህ የኢንሹራንሱ ልጅ ይሄን ሁሉ ሰምቶ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ እኛ የምንይዘው የእርስዎ የሆነውን ብቻ ነው። ወይ የእኔ ናት ብለው ይፈርሙ፣ ወይ ሴትየዋ ሰጥቼዋለሁ ትበል። ካልሆነ ትቅር።»

«ሠላሳ ዓመት አለፈው እኮ!» አለች ልጄ። «ፈርምና ይለቅልን።»

«ጠይቄ እመጣለሁ» አልኩ።

እውነቱን ልናገር፣ የኢንሹራንሱ ነገር ግድ አልሰጠኝም። እሷን የምጠይቅበት ምክንያት ግን በራሱ እግር ቤቴ ድረስ መጥቷል።

ጎሬ በሚኒባስ ቅርብ ናት። ከመምህርቷ ጋር ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ ሴት እዚያ አሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ከእሷ ጋር በስልክ እንደሚገናኙ ሰው ነግሮኛል። ለገበያ ጎሬ ስወጣ በደጃቸው አልፋለሁ፣ ግን አልጠይቅም። ብጠይቅ «አትመለስም» ይሉኛል። ካልጠየቅኩ ትመለሳለች።

ያን ቀን በራቸውን አንኳኳሁ።

«አንተ የፋኖስ ሰውዬ! ምን እግር ጣለህ?»

ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁ።

«ሰው ርስት ይጠብቃል፣ ሚስት ይጠብቃል። አንተ የሰው ኩራዝ ስትጠብቅ ሸበትክ?»

«ኩራዝ አይደለችም፣ እትዬ። ፋኖስ ናት።»

«እሺ ፋኖስ። እስከ ዛሬ ታዲያ ምን አፍህን ያዘው?»

መልሴን ሳይጠብቁ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ አንድ የአሮጊት ድምፅ።

የተሳሳተ ቁጥር መሰለኝ። መቱ አልኩ፣ የማታ ትምህርት አልኩ፣ ፋኖስ የምጠግነው አልኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላስታወስኩዎትም።»

እርስዎ አለችኝ። ከሁሉም በላይ እሱ ከበደኝ።

«ሰሌዳውን ትቶ እጅዎን የሚያየው» አልኩ።

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከስልኩ ሳቋ መጣ፤ ድምፅዋ ነው እንጂ ሳቋ አላረጀም።

«አንተ ነህ! አንተ ነህ እንዴ!»

የመጣሁበትን ነገርኳት። ፋኖሷን ረስታታለች። «እስከ ዛሬ አስቀመጥካት? ያንተ ትሁን በቃ። ፈርም፣ ብትፈልግ ሽጣት።»

«አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

«በእጅ ነው የሰጡኝ። መጥተው በእጅዎ ይረከቡኝ። ከዚያ ከወደዱ መልሰው ይስጡኝ።»

«አይ ግትርነት! ጉልበቴ እኮ ታሟል። ያ መንገድ ደግሞ…»

«አስፋልት ሆኗል።»

«እንዲያ ነው?»

«እስከ መቱ ድረስ።»

የእትዬ የስልክ ሂሳብ ይቆጥራል፣ እኛ ዝም ብለናል።

«ትበራለች ለመሆኑ?» አለችኝ።

«አልለኮስኳትም። የሰው ናት።»

«ኧረ ለኩሳት! በእኔ ሞት ለኩሳት።»

«እሱን እሺ» አልኩ።

ስለ መምጣቷ ደግሞ «እስቲ ክረምቱ ይውጣ» አለች። የኢሉባቦር ክረምት ደግሞ ቶሎ አይወጣም።

ስሰናበታቸው እትዬ «እንግዲህ ሰጠችህ፣ ተገላገልክ» አሉኝ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ይሄን ቃል ሳብሰለስል ነበር። ፋኖሷ የእኔ ከሆነች መምህርቷ መቱ ምን ጉዳይ አላት? ሰው ዕቃው ያለበትን አገር እንኳን ቢረሳ አንድ ቀን ያስታውሰዋል። ዕቃ ከሌለው አገሩም የለም። ከዚህ ምን ተገላገልኩ?

የኢንሹራንሱ ልጅ ሊያስፈርመኝ ሲመጣ ልጄ ቀደመችኝ። «ሰጥታዋለች! እትዬ ደውለው ነግረውኛል።» የጎሬ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል።

«በአፍ ነው የሰጠችው፣ በእጅ አይደለም» አልኩ። «እሷን ተዋትና ሌሎቹን ጻፍ።»

ልጁ ልጄን አየ፣ እኔን አየ። «እሺ ጋሼ» አለ፣ አልተከራከረም። «አንድ ነገር ብቻ። ኢንሹራንስ የገቡት ውስጥ ላምባ አይጨመርም። ፈጽሞ አይለኮሱም።»

ተስማማሁ። ጣቴን ቀለም አላስነከርኩም፤ ስሜን በፊደል ጻፍኩ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰማዩን አጠቆረው፣ ኤሌክትሪኩም ጠፋ። ያ ሁሉ ፋኖስ ግድግዳ ላይ ደረቅ ሆዱን ይዞ ተሰቅሏል። ትንሿን አወረድኳት፣ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት፣ አዲስ ክር አስገባሁላት። ላምባ ቀዳሁላት። ስለኩሳት መጀመሪያ ጨሰች፣ ከዚያ ሰማያዊው ሆዷ በራ።

ልጄ ወጣች። «አባዬ፣ እሷ ኢንሹራንስ የላትም እኮ። ብትሰበር ማንም ምንም አይከፍልህም።»

«ክፈሉኝ ያለ ማን ነው?»

ትጨቀጭቀኛለች ያልኳት ልጅ ዱካ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በሕይወቷ ጠይቃኝ የማታውቀውን ጠየቀችኝ።

«ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

መስታወቷ እንዳይጠቁር ክሯን ዝቅ አደረግኩና ነገርኳት።