የፍራሽ ሰፊው ሚስት ትታ የሄደችው

ፍራሽ ሰፊው ለሰው ሁሉ የሁለት ሰው ፍራሽ እየሠራ፣ እሱ ራሱ ግን የፍራሹን ግማሽ ብቻ ነበር የሚተኛበት። ሌላኛው ግማሽ የሚስቱ ነው። ሚስቱ በወለደች በሦስተኛው ቀን ደም ፈሷት ሞተች። ከዚያ ወዲህ በሷ በኩል እንኳን ሰው፣ ትራስ አስቀምጦ አያውቅም። ልጁን ሚጡን በልኳ በቆረጠላት ስፖንጅ ላይ፣ ከአልጋው ጎን መሬት ላይ ያስተኛታል።

ዝምተኛ ሰው ነው። ዝምተኛ ስል እንዲሁ የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ደንበኛ ገብቶ፣ ተከራክሮ፣ ፍራሹን አሸክሞ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ቃል ከተናገረ ያ ቀን የወሬ ቀን ነው። ለሁለቱም ታወራ የነበረችው ሚስቱ ናት፤ ስትሄድ ወሬውንም ይዛ ሄደች። ቀን ቀን ሚጡን የምትይዝለት ጎረቤቱ ፀጉር ሠሪዋ፣ ይቺ ልጅ ከማን ሰምታ ነው አፍ የምትፈታው እያለች ትነዘንዘዋለች። እሱ መርፌውን እያየ ፈገግ ይላል። በቃ።

ሚጡ ስድስት ሳምንት ሲሆናት ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። ከእናቶቹ መሃል ወንድ እሱ ብቻ ነበርና ጠጋ ጠጋ ብለው ዳር ላይ ቦታ ሰጡት። ሰሞኑን ኩፍኝ ገብቷል ሲባል ሰምቶ ስለነበር፣ እንደ ምንም አፉን ከፍቶ የኩፍኙንም አብራ እንድትወጋለት ነርሷን ለመናት።

"የኩፍኙ ገና ነው" አለችው። "ሆዷ ውስጥ ሳለች እናቷ ከደሟ ያካፈለቻት መከላከያ አለ። አሁን ብንወጋት ያ መከላከያ ክትባቱንም እንደ በሽታ ቆጥሮ ያጠፋዋል። እየቆየ ይሳሳል፤ ዘጠኝ ወር ሲሞላት አምጣት።"

"እናቷ እኮ የለችም፣ ሲስተር።"

ነርሷ ካርዱን መጻፍ ትታ ቀና አለች። እናትየው በልጅነቷ ኩፍኝ ይዟት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ይዟታል፤ ጨለማ ክፍል ተዘግቶባት እንዴት እንዳስጠላት ስንቴ አውርታለታለች።

"እንግዲያውስ ትታላት የሄደችው ነገር አለ" አለች ነርሷ።

ምነው ዝም ባለች! ሐዘንተኛ ላጽናና ብላ ነው፤ እሱ ግን ነገሩን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ጨርሳ አልሞተችም ማለት ነው። በዚህች አንድ ክንድ በማትሞላ ልጅ ደም ውስጥ ቆማ በሽታ ትጠብቃለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ ሚጡን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና የዋለበትን ያወራ ጀመር፤ ስለ ስፖንጁ መወደድ፣ ስለ ጨቅጫቃ ደንበኛ፣ ስለ ወገቡ ሕመም። የሚያወራው ለልጅቷ አልነበረም።

ዘጠኝ ወር ሞላ። ቀኑ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ካርዱ መስተዋቱ ጎን ተሰክቷል፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዘጠኝ ወር ሞላት ማለት ሚስቱ አልቃለች ማለት ነው፤ ሁለተኛ ሊቀብራት ደግሞ አቅም የለውም። ፀጉር ሠሪዋ ስትወተውተው "የሷ ገና አላለቀም" ብሎ ወደ መርፌው ይመለሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ወር አለፈ።

ከዚያ የፊት ለፊቱን አናጺ ልጅ ኩፍኝ ያዘው። ወደ ሆስፒታል ሲወስዱት ፍራሽ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ አየ፤ ልጁ ዓይኑ ተጣብቆ፣ በየሳሉ መሃል ትንፋሽ እያጠረው ነበር። አናጺው ማንም ሳይጠይቀው "ነገ አስከትበዋለሁ ስል ነው እኮ" እያለ ይሄዳል። ፍራሽ ሰፊው መርፌው ሸሚዙ ላይ እንደተሰካ ሚጡን ከፀጉር ሠሪዋ ጀርባ አውርዶ ወደ ጤና ጣቢያው በረረ።

ነርሷ ካርዱን አይታ ተቆጣች። ወር ሙሉ ያለ ጠባቂ አስቀምጠሃታል አለችው።

"ጠባቂዋ አለመሄዷን በምን አውቃለሁ?" አላት። "እናቷ ካለች ክትባቱን ትመልሰዋለች አላልሽኝም?"

አሁን ገባት። ቁጣዋ ጠፍቶ ድምጿን ዝቅ አደረገች። አንዳንዱ ላይ በስድስት ወሩም ያልቃል፣ ሚጡ ላይ እስካሁን የሚቆይ አይመስለኝም አለችው። ሳምንት አለፍ ሲል ትንሽ ትኩሳትና ሽፍታ ቢወጣባት ክትባቱ ሥራ ጀመረ ማለት ነው፣ አትደንግጥ፤ ባይወጣባትም አልሠራም ማለት አይደለም፣ ለማንኛውም ሁለተኛ ዙር አለ አለችው። እሱ የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቶ ወጣ። ትኩሳት ከመጣ ሄዳለች፤ ካልመጣ አለች።

በየጠዋቱ የሚጡን ግንባር ይዳስሳል። ቀዝቃዛ ነው። ደስ ይለዋል፤ ወዲያው የአናጺው ልጅ ትዝ ይለውና ደስ በማለቱ ያፍራል። ስምንት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆነ። የሚያማክረው ሰው ደግሞ አልነበረውም፤ ይህን ለማን ብሎ ይናገራል?

በዘጠነኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀጉር ሠሪዋ ልጅቷን ታቅፋ እየሮጠች መጣች። ሚጡ ተኩሳለች፤ አንገቷ ሥር ቀያይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎባታል። ፍራሽ ሰፊው ግንባሯን ዳሰሰና አልደነገጠም። ደህና ናት አላት፤ ሱቁን ዘግቶ ልጁን ይዞ ገባ።

ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ወር ያላለቀሰውን አለቀሰ፤ ሚጡ አፉን በጣቷ እየነካካች አየችው።

"ሄድሽ አይደል?" አለ። "እስካሁን ስለጠበቅሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ ወዲያ እኔ አለሁ።"

ከዚያ ሚጡን አንስቶ በእናቷ በኩል፣ አልጋው ላይ አስተኛት። እሱም ጫማውን አውልቆ በራሱ በኩል ጋደም አለ።