ሱቅ ዐረቢ ላይ ያዘልኩት አጥንት

ካርቱም የገባሁት በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከወሎ ተነስቼ፣ እንደ ብዙዎቻችን በመተማ በኩል። አል-ሳሃፋ በሚባል ሰፈር ሥራ ያገኘሁበት ቤት ባልና ሚስት ብቻ ይኖሩበት ነበር። ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። ሚስትየዋን እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሀጃ» እላቸዋለሁ፤ ባልየውን «ዶክተር»።

ዶክተር ሲባሉ ስሰማ ሐኪም መስለውኝ፣ በገባሁ ሰሞን የጥርሴን ሕመም ነገርኳቸው። አፌን አስከፍተው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ በጥሞና አዩኝ።

«ግሩም ጥርስ ነው» አሉ። «ሕመሙን ግን የጥርስ ሐኪም ይይልሽ። የኔ በሽተኞች ከሞቱ ብዙ ሚሊዮን ዓመት አልፏቸዋል።»

የጥንት አጥንት ተመራማሪ ነበሩ። ሀጃ እንዳጫወቱኝ፣ በወጣትነታቸው ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ ለዚህ ሙያ ሥራ የሚሰጣቸው አጡ። ትምህርት ቤት ባዮሎጂ እያስተማሩ፣ በዕረፍታቸው በረሃ እየወጡ አጥንት ይለቅሙ ጀመር። የለቀሙት ሲበዛ ማስቀመጫ የሚሆን አንድ አሮጌ ቤት ተሰጣቸው። ያ ቤት ቀስ እያለ ትንሽ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሆነ፤ እሳቸውም ኃላፊው ሆኑ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ገለባ የተሞላውን አዞ አቧራ የሚያራግፉትም፣ ተማሪዎቹን የሚያስጎበኙትም፣ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የሚደቅኑትም እሳቸው ነበሩ።

ሀጃ ከሙዚየሙ ጋር ጠብ አልነበራቸውም። ጠባቸው ወደ ቤት ከሚገባው አጥንት ጋር ነበር። ከበረሃ ከመጣ ጆንያ ውስጥ ጊንጥ ወጥቶ እግራቸውን ከነደፋቸው ወዲህ፣ «በዚህ በር ከበግ አጥንት በቀር አይገባም!» ብለው አወጁ። ዶክተርም አንገታቸውን ደፍተው እሺ አሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሀጃ ጎረቤት ለቅሶ ሄደው ሳለ፣ ዶክተር በጓሮ በር ሹልክ ብለው ገቡ። የሩዝ ከረጢት ታቅፈዋል።

«አልጋሽ ሥር ቦታ አለ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«እንሽላሊት ናት።»

«የሞተች?»

«በጣም የሞተች።»

ከረጢቱን ከፈት ሲያደርጉት ክንድ የሚያህል፣ ቡናማ፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ አጥንት አየሁ። ይሄ እግሯ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ «ጣቷ ነው» አሉኝ። ዳይኖሰር የሚሏት፣ ቤት የምታህል ፍጥረት ኖራለች። የሙዚየሙ አዲስ አዳራሽ ገና እየተቀባ ስለነበር፣ ግንበኞቹ ሲሚንቶ ያቦኩባታል ብለው ፈርተዋል። አዳራሹ እስኪመረቅ እኔ ጋ ትደበቅ ተባለ።

መጀመሪያ ቢስሚላህ ሳልል አልጋዬ ላይ አልወጣም ነበር። ኋላ ግን ለመድኳት፤ ጫማዬንም አስደግፍባት ጀመር።

ዶክተር ለቁፋሮ ወደ ሰሜን በረሃ በሄዱበት ሰሞን ረመዳን ቀረበ። ሀጃ ቤቱን ሁሉ ለማስቀባት ተነሱ። «ነገ ያንቺን ክፍል ነው፤ አልጋውን እናወጣዋለን» ሲሉኝ አጥንቷን የት እንደማደርሳት ማሰላሰል ጀመርኩ። በማግስቱ ማልደው ገበያ ሲልኩኝ፣ አጥንቷን የሱዳን ሴቶች በሚከናነቡት አሮጌ ቶብ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አዘልኳትና ወደ ሙዚየሙ መንገድ ጀመርኩ። ለዚያ ደግሞ መሐል ከተማ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወርጄ ሌላ ሀፍላ፣ ማለትም አውቶቡስ፣ መያዝ ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ሀፍላ ጢም ብሎ ሞልቷል። ልጅ አዝላለች ተብሎ አንድ ሽማግሌ ተነሱልኝ። አጥንቷን ከጀርባዬ አውርጄ ታቀፍኳት። ከጎኔ የተቀመጡት ወፍራም ሴትዮ ፊታቸው በራ።

«ማሻላህ! ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት» አልኩ፤ ዶክተር «እሷ» ስለሚሏት።

«ዕድሜዋስ?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ደረሰ። «ከቁመቷ ትበልጣለች» አልኩ።

«እንዴት ነው የማታለቅሰው?»

«ጨዋ ናት።»

ሴትየዋ ግን ልጅ ሳይስሙ የሚወርዱ ዓይነት አልነበሩም። እጃቸውን በቶቡ ውስጥ ሰደው ዳሰሱ። ፊታቸው ክው አለ።

«ያ ናስ! ሰዎች ድረሱ! ልጅቷ ደርቃለች!»

ሀፍላው ሱቅ ዐረቢ ሲቆም ተሳፋሪዎቹ ጮኸው የጠሩት ፖሊስ በሩ ላይ ደረሰ።

ጣቢያው ውስጥ መኮንኑ አጥንቷን ጠረጴዛው ላይ አጋደማትና የሻይ ብርጭቆውን አጠገቧ አስቀመጠ።

«የማን አጥንት ነው?»

«የእንሽላሊት።»

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«ወላሂ! ቤት የምታህል እንሽላሊት!»

ይህን ባልል ጥሩ ነበር። ኢቃማ አምጪ አለኝ፤ የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ ቤት ቀርቷል። ያን ጊዜ ሳቁ ከሆዴ ጠፋ። ወረቀት ያልያዘች ሀበሻ፣ የምን እንደሆነ ያልታወቀ አጥንት ይዛ ተገኘች። ዶክተር በረሃ ናቸው። በቃሌ የማውቀው ስልክ የቤቱን ብቻ ነው። ቁጥሩን ነገርኩት።

ሀጃ ነጭ ቶባቸውን ለብሰው፣ ወረቀቴን ይዘው በታክሲ ደረሱ። አጥንቷን አዩ። እኔን አዩ። መልሰው አጥንቷን አዩ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ወደ መኮንኑ ዞሩ።

«ሻይህን አንሳ፤ ይፈስባታል።»

«ምን አልሽ ሀጃ?»

«የመንግሥት ንብረት ናት። ባሌ የሙዚየም ኃላፊ ነው። ይቺ የሰው ልጅ ሳይፈጠር የሞተች ናት። ገዳይዋን ከያዝክ አላህ ይስጥህ፤ ካልያዝክ ልጅቷንም አጥንቷንም መልስልኝ።»

«እና እውነት እንሽላሊት ናት?»

«እንሽላሊት ናት።»

«ቤት የምታህል?»

«ጣቢያህን የምታህል።»

መኮንኑ ብርጭቆውን አነሳ።

ታክሲው ውስጥ ሀጃ አጥንቷን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። ሥራዬን ተሰናበትኩ ብዬ ጓዜን በልቤ መሸከፍ ጀመርኩ።

«የት ነበረች?» አሉ በመጨረሻ።

«አልጋዬ ሥር።»

«አንቺ በላይዋ እየተኛሽ?»

«አዎ።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ዞር ብል በሳቅ እየፈረሱ ነው። ባለታክሲው በመስታወት ደጋግሞ ያየናል። እንባቸውን በቶባቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ያላ፣ ከእንግዲህ የኔ ወገን ነሽ» አሉኝ። «ለሱ ትንፍሽ እንዳትይ።»

ዶክተር ከበረሃ ፀሐይ አክስሏቸው ተመለሱ። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ማድ ቤት ብቅ አሉ።

«እንግዳችን እንዴት ናት?»

«የትኛዋ እንግዳ?» አልኩ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ።

ወደ ክፍሌ ሮጡ። ግድግዳው ተቀብቷል፣ አልጋው ቦታ ቀይሯል፣ ከሥሩ ምንም የለም። ሲወጡ ሀጃ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ጠፋብህ?»

«ጫማ።»

«ጫማህ እሷ አልጋ ሥር ምን ይሠራል?»

ዶክተር ፍለጋ ጀመሩ። ያን ሰሞን ዱቄቱን በወንፊት ነፉ፤ ጣሪያ ላይ ወጡ። ከዚያ ጓሮውን መቆፈር ጀመሩ። ሀጃ ምን እየሠራህ ነው ሲሏቸው «ሎሚ ልተክል ነው» አሉ። ሀጃ ወዲያው የሎሚ ችግኝ አስመጥተው አጠገባቸው አቆሙ፤ ዶክተርም ወደው ሳይሆን ተከሉት።

የምረቃው ቀን አዳራሹ በእንግዳ ሞላ። መሐል ላይ በጨርቅ የተሸፈነ የመስታወት ሣጥን አለ። ዶክተር ባዶ መስሏቸዋል። ላባቸውን እየጠረጉ፣ ዋናው ቅርስ ለጊዜው ምርመራ ላይ ስለሆነ እያሉ ሲንተባተቡ፣ ሀጃ ከፊት ወንበር ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ጨርቁን አንሳው እንጂ፤ እንግዶቹ ቆመዋል!»

ዶክተር ሳቡት። እንሽላሊቷ ተወልውላ፣ ቀይ ከፋይ ላይ ተጋድማለች። ሀጃ ከሙዚየሙ አናጢ ጋር ተማክረው ቀድመው አስገብተዋታል። ዶክተር አጥንቷን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ። ሀጃ ጣሪያውን ያደንቃሉ። ወደኔ ሲዞሩ እኔም ጣሪያውን ማድነቅ ጀመርኩ።

«ክቡራን እንግዶች» አሉ ዶክተር ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይቺ ፍጥረት በዘመኗ ሁሉ እንደ ሰሞኑ የተንከራተተችበት ጊዜ የለም።»

እንግዶቹ ሳይገባቸው አጨበጨቡ። እኔና ሀጃ አፋችንን በቶባችን ሸፈንን።

ዶክተር ሙዚየሙን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት መሩ። ጡረታ ሲወጡ እኔ ጀብራ ሰፈር ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቼ ነበር፤ እነሱን ለመጠየቅ ግን እመላለሳለሁ። ጡረታው ቤት አላስቀመጣቸውም። ጠዋት ጠዋት ከተማሪዎች ጋር ተደባልቀው ይገቡና፣ ከኋላ ቆመው እጃቸውን ያወጣሉ።

«ይሄ ዓሣ ምን ይበላ ነበር?»

«ትንንሽ ዓሦችን» ይላል ወጣቱ አስጎብኚ።

«በምን አወቅህ? አብረኸው በልተሃል?»

ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ አስጎብኚው ይደናበራል። አንድ ቀን እዚያው ቤት ተቀምጬ ሳለ አዲሱ ኃላፊ ስልክ ደውሎ፣ በትሕትና፣ ዶክተርን ትንሽ ቤት ቢያቆዩልን ብሎ ሀጃን ለመነ።

«ልጄ፣ እስከ ቀትር የናንተ ይሁን» አሉት ሀጃ። «እኔም ልረፍ እንጂ።»

ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ።

«ገና ዓሦቹ ላይ ነው» አሉኝ። «ወፎቹ ጋ ሲደርስ ምን ሊሉ ነው?»