ከእትዬ ዘውዴ ደጃፍ የቆመው ሶላር

እዚህ ፎገራ ቤንዚን ቢጠፋ፣ ሽንኩርቴ ከሚደርቅ ብዬ የውሃ መሳቢያ ፓምፔን በሶላር አደረግሁት። ሶላሩን የተከልሁት ግን ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘውዴ በር ፊት ለፊት ኖሯል።

«ይኸ ጥቁር ነገር የሜዳውን መልክ አበላሸው! ነገ ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሎች ይመጣሉ፤ ምን ይሉኛል?»

«እትዬ፣ ይማሩኝ፤ ከነቀልሁት ሽንኩርቴ አለቀ» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አዘኑልኝ።

«በል ተወው፣ እኔው አሳምረዋለሁ።»

በማግስቱ ውሃው ቀጥ አለ። ፓምፑን ፈታሁ፣ ጎማውን በአፌ ነፋሁ፣ ጭቃ በጭቃ ሆንሁ። ቀና ብል ሶላሩ እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ከዳር እስከ ዳር ድርብ ዳንቴል ለብሷል!

ሽማግሎቹ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ወደ እትዬ ጆሮ ጠጋ አልሁ፦ «ፀሐይ እንዲያገኘው ይግለጡልኝ።»

ክው አሉ።

«ምን ነካህ? ሽማግሎቹ እያዩት፣ ራቁቱን?»